በየፊናቸው የመጡ ውሃና ማዳበሪያ፦ ከኢትዮጵያ የስንዴ እርሻ ታሪክ

የኢትዮጵያ የስንዴ እርሻ የቅርብ ዘመን ታሪክ አንድ ያልተለመደ ገጽታ አለው፤ ይኸውም ለሰብሉ ዕድገት እኩል የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች፣ ማለትም በመስኖ የሚቀርብ ውሃና በፋብሪካ የሚመረት ማዳበሪያ፣ ወደ አገሪቱ የገቡት በተቀራራቢ ዘመን ቢሆንም በተለያየ መንገድ፣ ለተለያየ መሬትና ለተለያየ ባለቤት መሆኑ ነው። ዘመናዊው መስኖ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአዋሽ ሸለቆ ለሸንኮራ አገዳና ለጥጥ ሲዘረጋ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)፣ ማዳበሪያው ደግሞ ሰማይ ጠባቂ ወደሆነው የደጋ እርሻ ወጣ። ሁለቱ በአንድ የስንዴ ማሳ ላይ በሰፊው እስኪገናኙ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ በዚያ ዘመን ውስጥ የታየው የምርት ዕድገት፣ የብድር ዕዳ፣ የዝርያ መፈራረቅና የፖሊሲ መገለባበጥ አብዛኛው ከዚህ መለያየት ጋር ተያይዞ ሊነበብ ይችላል።

ስንዴ ራሱ ግን በደጋው አገር ጥንታዊ ነው። የሶቪየቱ የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የዘር ናሙና በሰበሰበ ጊዜ፣ በተለይ ለመኮሮኒና ለፓስታ የሚውለው ጠንካራው የዱረም ስንዴ በአንድ አካባቢ ብቻ በርካታ ዓይነት ሆኖ መገኘቱ እጅግ አስደንቆታል። ስንዴ መጀመሪያ የተላመደው በመካከለኛው ምሥራቅ መሆኑን የኋለኛው ምርምር ቢያረጋግጥም፣ የኢትዮጵያ ደጋ ይህ ሰብል ከዘመናት ቆይታ የተነሣ በብዙ ዓይነት የተራባበት ሁለተኛ ማዕከል ሆኖ ይቆጠራል። ገበሬው በአንድ ማሳ ላይ ቀዩን፣ ነጩንና ጥቁሩን ስንዴ አደባልቆ የሚዘራው ባለማወቅ አልነበረም፤ ዝናቡ ሲያጥር አንዱ፣ ዋግ ሲገባ ሌላው እንዲተርፍለት በማሰብ ነበር። የመሬቱንም ለምነት የሚጠብቀው ባቄላና አተር በማፈራረቅ፣ መሬቱን ለጥቂት ዓመታት ጦም በማሳደር፣ ለጓሮው ፍግና አመድ በመበተን ነበር። ይሁንና የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምርና ደኑ ሲመናመን ጦም የሚያድር መሬት ጠፋ፣ ፍጉም ኩበት ሆኖ ከምድጃ ገባ። ማዳበሪያ ሲመጣ የደረሰው እንግዲህ በብዙ ቦታ ቀድሞም ቢሆን እየተራቆተ ወደነበረ አፈር ነው።

አንድ ቶን የስንዴ ፍሬ ሃያ ኪሎግራም ያህል ናይትሮጅን ከማሳው ይዞ ይወጣል። ናይትሮጅን ቅጠሉ እንዲለመልምና ከአንዲት ዘር ብዙ የጎን ግንዶች እንዲበቅሉ የሚያደርግ ሲሆን፣ በፍሬው ውስጥ ያለውን የፕሮቲን መጠንም የሚወስነው እርሱ ነው። ፎስፈረስ በበኩሉ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥሩን ያጠናክራል። በ1840ዎቹ ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ የሰብልን ዕድገት የሚወስነው ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ በአንጻሩ በጣም ያነሰው እንደሆነ የሚገልጸውን ሐሳብ እንዲታወቅ አደረገ፤ እንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ በ1843 የተጀመረውና ዛሬም ያልተቋረጠው የስንዴ ማሳ ሙከራ ደግሞ ማዳበሪያ ያገኘውንና ያላገኘውን መደብ ጎን ለጎን በማስቀመጥ ልዩነቱን ለዓይን አቀረበ። ከዚህ ትምህርት የሚከተለው ዋና ነገር ውሃም እንደ ናይትሮጅን ሁሉ ከሚያንሱት ተርታ ሊሰለፍ መቻሉ ነው። ስንዴ ከዘር እስከ አጨዳ ከ450 እስከ 650 ሚሊሜትር ውሃ ይፈልጋል፤ ይህም ውሃ በድምሩ ቢገኝ እንኳ በተፈለገበት ሰዓት ካልደረሰ ዋጋው ይቀንሳል። ከተዘራ ሦስት ሳምንት ገደማ ዋነኞቹ ሥሮች ከግንዱ ሥር ሲወጡ፣ በኋላም ሲያብብና ፍሬው ሲያሽት የሚደርስ ድርቀት ከሌላው ጊዜ ድርቀት ይልቅ ይጎዳል።

ማዳበሪያና ውሃ እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ነገር ከዚህም የጠለቀ ነው። በመሬቱ ገጽ ላይ ተበትኖ ውሃ ወደ አፈሩ ያላስገባው ዩሪያ የተባለ የናይትሮጅን ማዳበሪያ ወደ አሞኒያ ጋዝነት ተለውጦ ከፊሉ ወደ አየር ይበናል፤ ውሃ በተኛበት መሬት ደግሞ ናይትሬት የሚባለው የናይትሮጅን መልክ አየር በሚያጡት ረቂቅ ሕዋሳት ተበልቶ በጋዝ መልክ ይጠፋል። ሌላው አደጋ ገና በለጋነቱ ናይትሮጅን የጠገበ ስንዴ ቅጠሉን አብዝቶ በአፈሩ ውስጥ የተጠራቀመውን እርጥበት አስቀድሞ መጨረሱ ነው፤ ዝናቡ ቶሎ ካቆመ ገለባው በዝቶ ፍሬው ቀጭጮ ይቀራል። ስለዚህ ማዳበሪያ ዝናብ ባልተረጋገጠበት አገር ምርት የሚያበዛ ግብዓት መሆኑ ቀርቶ ኪሳራን የሚያሰፋ ዕጣ ሊሆን ይችላል፤ ገበሬውም ይህን ከማንኛውም ባለሙያ ቀድሞ የሚያውቀው ነው።

የፋብሪካ ማዳበሪያ ወደ ደጋው ገበሬ በስፋት መድረስ የጀመረው በ1960ዎቹ ማብቂያ ላይ ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ረሃብን ለማጥፋት ባወጀው ዘመቻ አማካይነት ከእርሻ ሚኒስቴር ጋር በየቦታው የሙከራና የማሳያ ማሳዎች ተዘጋጅተው ነበር። በዚያው ጊዜ፣ በ1967፣ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) አሰላን ማዕከል አድርጎ ተቋቋመ። በአርሲ ክፍለ ሀገር የነበረው የጭላሎ አውራጃ ዝናቡ የተትረፈረፈ፣ አፈሩም ያልተራቆተ በመሆኑ ለሙከራው የተመረጠው በአጋጣሚ አልነበረም። ካዱ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ያቀርብ፣ ምርቱንም በየገበያው ባቋቋማቸው ማዕከላት ይገዛ፣ በቁሉምሳ ደግሞ ዝርያዎችን ይፈትን ነበር። የዚህ ፕሮግራም ወጪ ለመላ አገሪቱ እንደማይዳረስ ስለታወቀ፣ በ1971 ማዳበሪያና ዘር ብቻ የያዘ ቀለል ያለ ፕሮግራም ተነድፎ ከመንገድ ዳር ባሉ ወረዳዎች ተዘረጋ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ከፕሮግራሙ ሲቀነስ የወጣው ምን እንደሆነ ነው፤ ምርምሩ፣ መንገዱና የገበያው ድጋፍ ተቀንሰው ከረጢቱ ብቻ ቀረ። ውሃማ ቀድሞም በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም።

የጭላሎ ታሪክ ከውሃውም በላይ የመሬት ይዞታ ታሪክ ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው አራሽ ጭሰኛ ሆኖ ከምርቱ እኩሌታውን ወይም ሲሶውን ለባለርስቱ ይሰጥ ነበር። የማዳበሪያውን ዋጋ ግን በብዙ ቦታ የሚከፍለው ራሱ ጭሰኛው ነበር፤ እንግዲህ አንድ ብር የወጣበት ማዳበሪያ የሁለት ብር ተጨማሪ ስንዴ ቢያስገኝ አንዱ ብር ለባለርስቱ ስለሚሄድ፣ ጭሰኛው ያወጣውን ብቻ መልሶ ያገኝ ነበር ማለት ነው። ዝናቡ ቢከዳው ኪሳራው የእርሱ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይባስ ብሎ ማዳበሪያና አዲስ ዘር የስንዴን እርሻ አትራፊ ማድረጋቸው ለባለርስቶች ሲታያቸው፣ ትራክተርና ኮምባይነር እየገዙ መሬቱን ራሳቸው ማረስ ስለ ጀመሩ በርካታ ጭሰኞች ከጭላሎ ተፈናቀሉ። ለትንሹ ገበሬ ታስቦ የመጣ ግብዓት ትንሹን ገበሬ ከመሬቱ ያስወጣበት ይህ ሁኔታ፣ «መሬት ለአራሹ» ለሚለው የተማሪዎች ጥያቄ በማስረጃነት ከቀረቡት ነገሮች አንዱ ነበር።

በእነዚያው ዓመታት ዝርያውም ተለወጠ። ነባሩ ስንዴ ረጅም በመሆኑ ናይትሮጅን ሲበዛለት ዛላው ከብዶ ይጋሸባል፣ ማለትም በነፋስና በዝናብ መሬት ላይ ይተኛል። ይህን ችግር ለመፍታት ኖሪን 10 ከሚባለው የጃፓን ስንዴ የተገኘው የድንክነት ባሕርይ በሜክሲኮ በኖርማን ቦርሎግ ሥራ አማካይነት ወደ ብዙ አገሮች ተሰራጨ፤ የአጭር ግንድ ስንዴ ናይትሮጅን ሲሰጠው ከመተኛት ይልቅ ፍሬ ያበዛል። የሜክሲኮ ድንክ ስንዴ ግን የተወለደው በያኪ ሸለቆ፣ በቦይ ውሃ በሚጠጣ ሜዳ ላይ እንደነበር መዘንጋት አይገባም፤ በኋላም በህንድና በፓኪስታን ፑንጃብ ተአምር የሚመስል ለውጥ ያመጣው ቦይና የጉድጓድ ውሃ በነበረበት ምድር ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የዚያን ጥቅል ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም ዘሩንና ማዳበሪያውን ብቻ ነበር።

ደጋው ለዚህ የከፈለው ዋጋ ሌላም ነበር። እርጥበትና ቅዝቃዜ ባለበት ምድር፣ በማዳበሪያ ለምልሞ በተጠጋጋና አንድ ዓይነት ዝርያ ብቻ በተዘራበት ማሳ ውስጥ፣ ዋግ የሚባለው የፈንገስ በሽታ በፍጥነት ይስፋፋል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ላቀች የተባለው ዝርያ በግንድ ዋግ ተመታ፤ በ1988 ደሸን በቢጫ ዋግ፣ በ1993 እና በ1994 እንቆይ በግንድ ዋግ፣ በ2010 ኩብሳና ጋላማ በቢጫ ዋግ፣ በ2013 እና በ2014 ደግሞ ዲገሉ በግንድ ዋግ ወደቁ። የቀድሞው ገበሬ ቀዩንና ነጩን አደባልቆ ሲዘራ ያገኘው የነበረው ዋስትና እንዲህ በየአሥርና በየሃያው ዓመት በተመራማሪ እጅ በሚወጣ አዲስ ዝርያ መተካት ነበረበት። የቁሉምሳ የምርምር ማዕከል ዛሬ ለዋግ ፍተሻ ከዓለም ልዩ ልዩ አገሮች የሚላኩ የስንዴ ዘሮችን የሚቀበል መሆኑ የዚህ ልምድ ፍሬ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ የጭሰኛው ሒሳብ በአንድ ጊዜ ተለወጠ፤ አራሹ ከእንግዲህ የምርቱን ድርሻ ለባለርስት አይሰጥም። ነገር ግን ሌላ ሒሳብ ተተካ። መንግሥት ማዳበሪያውንና የተሻሻለውን ዘር በቅድሚያ ለመንግሥት እርሻዎችና ለአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማቅረብ ጀመረ፤ ግለሰቡ ገበሬ ደግሞ ከምርቱ የተወሰነ መጠን በኮታ፣ ከገበያው በታች በሆነ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ተገደደ። ተጨማሪ ኩንታል በተመረተ ቁጥር በርካሽ የሚወሰድ ከሆነ ማዳበሪያ የሚገዛበት ምክንያት አይኖርም፤ የማዳበሪያውን ጥቅም የሚያሳየው የአፈር ሳይንስ ሆኖ ሳለ እንዲገዛ የሚያደርገው የገበያ ዋጋ መሆኑ በዚህ ዘመን በግልጽ ታይቷል። በአርሲና በባሌ በትራክተርና በኮምባይነር የሚሠሩት ሰፋፊ የስንዴ እርሻዎች ግን በዚሁ ዘመን ሥር ሰደዱ። ባሌ በገናና በቦና የሚታወቁ ሁለት የዝናብ ወቅቶች ስላሏት ተፈጥሮ በራሷ ጊዜ ሁለት ጊዜ ታጠጣታለች፤ የስንዴ እርሻ እዚያ መክበሩ ለዚህ ነው።

በ1993 ኖርማን ቦርሎግና የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ይመሩት የነበረው የሳሳካዋ ግሎባል 2000 ፕሮግራም ኢትዮጵያ ገባ፤ በገበሬው ማሳ ላይ በግማሽ ሄክታር የሚዘጋጁት የማሳያ መደቦች ያሳዩት ውጤት የዘመኑን መንግሥት ስላሳመነው ከ1995 ጀምሮ የአገሪቱ ኤክስቴንሽን በዚሁ መልክ ተቃኘ። ለስንዴ የተሰጠው ምክር በሁሉም ቦታ አንድ ነበር፤ ለሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ። ዳፕ 18 በመቶ ናይትሮጅንና 46 በመቶ ፎስፌት፣ ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስለሚይዙ ድምሩ 64 ኪሎግራም ናይትሮጅንና 46 ኪሎግራም ፎስፌት ይሆናል። ከዚህ ናይትሮጅን ውስጥ ሰብሉ የሚወስደው ብዙውን ጊዜ ከግማሽ አይበልጥም፤ የቀረው ከዝናብ ጋር ይወርዳል ወይም ወደ አየር ይበናል። አርሲ ላይ ልክ የሆነው ምክር በምሥራቅ ሐረርጌ ቆላ፣ ወይም በትግራይ ዝናብ አጠር ወረዳ ልክ ሊሆን አይችልም፤ ሆኖም በብድር የተሰጠው ከረጢት ዕዳው ዝናብ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነበር። በ2002 ድርቁ በገባ ጊዜ ብድሩን ለመመለስ በሬ የሸጠ ገበሬ ጥቂት አልነበረም። ስቴፋን ዴርኮንና ሉክ ክሪስቲያንሰን በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ የኢትዮጵያ ገበሬ ማዳበሪያ ከመጠቀም የሚቆጠበው ምርት ሲጠፋ የሚበላው እንዳያጣ በመስጋቱ ጭምር መሆኑን አሳይተዋል። በሌላ አነጋገር ገበሬውን ከማዳበሪያው የሚያርቀው በውሃ አለመተማመን ነው።

ውሃ የበዛበትም ችግር አለ። በሸዋና በጎጃም ሜዳዎች የሚገኘው ኮትቻ ወይም ዋልካ የሚባለው ጥቁር ሸክላ አፈር ክረምት ሲገባ ውሃ ስለሚያቁር፣ ገበሬው ስንዴውን የሚዘራው ውሃው ሲጎድል፣ ክረምቱ ሊያበቃ ሲል ነው፤ ሰብሉ የሚያድገው በአፈሩ በተረፈው እርጥበት ላይ በመሆኑ ሲያሽት ጥማት ያገኘዋል። የእነዋሪ ገበሬዎች ከጥንት ጀምረው መሬቱን በእጅ እያበጁ ሰፋፊ መደብና ቦይ በመሥራት ውሃውን ያስወጡ ነበር። በ1980ዎቹ ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ከኢትዮጵያውያን ጋር በመሆን በሁለት በሬ የሚጎተት ሰፊ መደብ የሚያወጣ መሣሪያ ሲሠሩ ከዚህ ልምድ ተነሥተዋል። ውሃው ሲወገድ ቀድሞ መዝራት ይቻላል፤ ናይትሮጅኑም በጋዝ መልክ ከመጥፋት ይተርፋል። ይህ ሥራ መስኖ ባይባልም ለስንዴው ያደረገው ነገር የመስኖን ያህል ነው።

ወደ መስኖው ታሪክ ሲመለሱ የሚታየው ፍጹም የተለየ ዓለም ነው። በደጋው «የውሃ አባት» የሚባል ሰው ተመርጦ የወንዙን ውሃ በተራ የሚያካፍልበት ባህላዊ መስኖ ጥንታዊ ቢሆንም፣ ከስንዴ ይልቅ በርበሬና ሽንኩርት የመሰለውን የሚያጠጣ ነበር። ዘመናዊው መስኖ የተጀመረው በ1950ዎቹ በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሲሆን፣ የቆቃ ግድብ በ1960 ሲያልቅ የአዋሽ ፍሰት ስለተስተካከለ ወደ መተሐራ፣ ወደ አሚባራና ወደ ተንዳሆ ተስፋፋ። ባለሀብቱ የውጭ ኩባንያ ወይም መንግሥት፣ ሰብሉ አገዳ ወይም ጥጥ፣ ገበያው የከተማና የውጭ ነበር፤ የአፋር አርብቶ አደር ደግሞ በበጋ የሚተማመንበትን የወንዝ ዳር ግጦሽ አጣ። በዚያ ሜዳ ላይ ስንዴ ለመዝራት ያሰበ ሰው ለረጅም ጊዜ እንደ ቀልድ ይታይ ነበር፤ ስንዴ የብርድ አገር ሰብል ነውና።

ከባሕር ጠለል በላይ 740 ሜትር ላይ በሚገኘው የወረር የእርሻ ምርምር ማዕከል የተገኘው መፍትሔ ወቅቱን መጠቀም ነበር። ጥጡ ከተለቀመ በኋላ ኅዳር ገደማ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ተዘርቶ የበጋው ሙቀት ሳይበረታ በሦስት ወር ከምናምን የሚደርስ ስንዴ ተመረጠ፤ ሙቀትን የሚችሉ ጋምቦ፣ ፈንታሌና አሚባራ የተባሉ ዝርያዎችም ወጡ። እዚህ ላይ ናይትሮጅንና ውሃ የሚመዘኑት በሌላ ሚዛን ነው፤ ሙቀት የፍሬውን መሙያ ጊዜ ስለሚያሳጥረው አንዲት የመስኖ ተራ ብታልፍ ማካካሻ አይገኝም፣ ዩሪያም በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ተከፍሎ ከውሃው ጥቂት ቀደም ብሎ ካልተሰጠ በፀሐይ ይባክናል። በአማራ ክልል መራዊ አጠገብ በቆጋ ግድብ የሚለማው 7,000 ሄክታር የሚሆን መሬት ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጠ፤ ውሃው ቢኖርም አፈሩ አሲዳማ በመሆኑ የተሰጠውን ፎስፈረስ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር አጣብቆ ከሰብሉ ይደብቀዋል፣ ስለዚህም ኖራ መጨመር አስፈለገ። አንዱ ጎድሎ የነበረው ሲሟላ ሌላው ጎደሎ ብቅ ማለቱ ሊቢግ ከተናገረው የተለየ አይደለም። ከ2012 የጀመረው የአፈር ካርታ ሥራና ዳፕን ተክቶ ድኝ የጨመረው ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ ይህንኑ ከቦታ ቦታ የሚለያየውን ጉድለት ለመሙላት የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የበጋ መስኖ ስንዴን ብሔራዊ ዘመቻ አድርጎ በሞተር ፓምፕና በኩታ ገጠም እርሻ ወደ ብዙ ክልሎች አስፋፋው፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ አገሪቱ ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሯ ተነገረ። የምርቱ መጠን በመንግሥትና በውጭ ታዛቢዎች መካከል ያከራከረ ቢሆንም፣ የበጋ ማሳ ውሃ ያገኘበት መጠን ከዚያ በፊት ካለው ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የሚገርመው ግን ውሃው በመጣበት በዚያው በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያው በብዙ ቦታ መዘግየቱና ገበሬው በየወረዳው ጥያቄ ማንሣቱ ነው። ኢትዮጵያ የማዳበሪያ ናይትሮጅኗን የምታመጣው ከውጭ፣ በዋነኛነት በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው፤ ዋጋው በተፈጥሮ ጋዝ ዋጋ ስለሚወሰን በሌላ አህጉር የተነሣ ጦርነት በአርሲ የማሳ ሒሳብ ውስጥ ይገባል።

በአሚባራና በመልካ ሰዲ ሜዳ ደግሞ የቀደመው የጥጥ መስኖ የተወው ሌላ ዕዳ አለ። ውሃ ያለ ፍሳሽ ቦይ ለዓመታት ሲለቀቅ ከምድር በታች ያለው ውሃ ከፍ ብሎ ጨውን ወደ ላይ አውጥቷል፤ የተወሰነው መሬትም ነጭ ሆኖ ተትቷል። ስንዴ ጨውን በመጠኑ ቢችልም የጥጥን ያህል አይችልም። ስለዚህ በዚያ ሜዳ ላይ ስንዴ ለመዝራት የሚያስፈልገው ዘርና ዩሪያ ከመጓጓዙ በፊት የፍሳሽ ቦይ መቆፈርና ጨውን በውሃ አጥቦ ማስወጣት ነው፤ ይህም ሥራ ወጪው ከማዳበሪያው የሚበልጥበት ቦታ ስላለ፣ ከየትኛው ማሳ እንደሚጀመር የሚወስነው አሁንም የፍሳሽ ቦዩ ወጪና ገበያው ነው።